ሽሙጥ የማይገባቸው እትዬ መዝገብ

በየመሥሪያ ቤቱ ሽሙጥ የማይገባው አንድ ሰው አለ። የሰው ኃይል አስተዳደር አምኖ ባይናገርም ለዚህ ሰው ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ሳይከፍትለት አይቀርም። ሾፌር ሊሆን ይችላል፣ ሒሳብ ሹም ሊሆን ይችላል፣ አለቃችሁ ከሆነ ደግሞ እግዜር ይሁናችሁ። «ዛሬ እንዴት አምሮብሃል» ስትሉት ኮሌታውን የሚያስተካክል፣ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ስትሉት ዓይኑ እንባ የሚያቀር፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ» ስትሉት የምር ቀስ የሚል ሰው ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ይህን መደብ ለሠላሳ አንድ ዓመት ይዘው የቆዩት ክብርት የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የምድር ቤቱ እመቤት፣ የማህተሙ ጠባቂ፣ እትዬ መዝገብ ናቸው።

ስማቸው ይህ አይደለም። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ መክፈያው ሰነድ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤታችን የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሁሉ ፕላኑን ጠቅልሎ ይመጣል፤ ፕላኑ ይታያል፣ ይታረማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል፤ በመጨረሻ ቤቱ ተሠራም አልተሠራም ወረቀቱ እትዬ መዝገብ ዘንድ ይወርዳል። ክፍላቸው ከመሬት በታች ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል ተደርድሮበታል። ያለችው አንዲት መስኮት ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነች የሚያልፍ ሰው ጫማ እንጂ ፊት አይታይባትም። እዚያ ክፍል ውስጥ የተጻፈ ነገር የተጻፈውን ነው የሚለው። ሦስት መኝታ ከተባለ ሦስት መኝታ ነው፤ ማንም ሰው ፕላን ላይ በሽሙጥ በረንዳ አይሥልም። እትዬ መዝገብም ሰው የተናገረውን እንደ ፕላን ነው የሚያነቡት። ጠዋትም ማታም ከአፋቸው የማይጠፋው አባባል «እንዲያ ካልክማ እንዲያ ነው» የሚል ነው።

እኔ ደግሞ የእሳቸው ተቃራኒ ነኝ። የምሠራው ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። ለአለቆች ንግግር እጽፋለሁ፤ በወርኃዊ መጽሔታችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼን እሸነቁጣለሁ። ምላሴ እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ እኮራበትም ነበር። ካፍቴሪያ ስገባ ወሬው ጸጥ ይላል። መጀመሪያ ላይ ይህን አክብሮት ነው ብዬ ነበር የተረጎምኩት። ውሎ አድሮ ልብ ስል ግን በዙሪያዬ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ባዶ ነበሩ።

ከሁሉም ቀድሞ የገባት ባለቤቴን ነው። «ከአንተ ጋር መኖር ፈተና መፈተን ነው፤ የምርህን ይሁን በሽሙጥ ስገምት አሥራ አንድ ዓመት አለቀ፤ ደከመኝ» ብላ ሻንጣዋን ዘጋች። እኔም በሩን ደገፍ ብዬ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ፣ ቤቱ እኮ ሊሰፋልኝ ነው» አልኳት። ቤቱ ሰፋ። እስካሁን እንደሰፋ ነው።

ከእትዬ መዝገብ ጋር የተዋወቅነው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ የቆየ ፋይል ፈልጌ የወረድኩ ቀን ነው። ቁጥሩን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ጠረጉ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ፣ መሰላሉን ጎትተው አቆሙ፣ ወጡ፣ የወጡት ሌላ መደርደሪያ ላይ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ ወረዱ። ቆሜ የጠበቅኩት አርባ ደቂቃ ነው። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ «እትዬ፣ በዚህ ፍጥነትዎማ ነገ ምሳዬንም ይዤ መምጣት አለብኝ» አልኳቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል፤ ወይም «ፋይሉ የለም» ብሎ ይበቀለኛል። እትዬ መዝገብ ግን መሰላሉ ላይ እንደቆሙ ፊታቸው በራ።

«ና የኔ ጌታ፣ ምን ችግር አለ፣ ቦታው ሰፊ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ወንበሩ መጥቷል» ብለው ዘጉት። ምን ወንበር? ለካ ከሦስተኛ ፎቅ በቅጽ ጠይቀው፣ አስፈርመው፣ አስወርደው፣ የጠረጴዛቸውን ግማሽ አጽድተው ጋዜጣ አንጥፈውልኛል። ወረድኩ። እውነቱን ልናገርና የወረድኩት ለመጨረሻው ገጽ የሚሆን ጨዋታ ላገኝ ነው።

አገኘሁም፤ ያውም እስኪተርፈኝ። ሊፍታችን የተበላሸ ሰሞን ሩዜን እያላመጥኩ «እሰይ! ደረጃ ለልብ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ሠራተኛው ሊፍቱ እንዳይጠገን ማመልከት አለበት» አልኩ። «እንዲያ ካልክማ እንዲያ ነው» አሉ። ስቄ አለፍኩት። ሊፍቱ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ቆመ። ምክንያቱ የታወቀው የጥገና ክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ሲፋጠጥ ፋይል አውጥቶ «በሠራተኛ ጥያቄ መሠረት» ብሎ ያነበበ ዕለት ነው። ወረቀቱ ቁጥር ነበረው፣ ቀን ነበረው፣ የገቢ ማህተም ነበረው። አመልካች በሚለው ቦታ ላይ ስሜ ከነአባቴ ሰፍሯል፤ ከሥሩ «በቃል የቀረበ፣ በመዝገብ ቤት የተጻፈ» ይላል። የአምስተኛ ፎቅ ሰዎች አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላሉኝም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጁ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲናገሩ ቆዩ። ስንወጣ «ወይኔ፣ ምነው እንዲህ ባላጠረብን» አልኩ። እትዬ መዝገብ አዝነው አዩኝ፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጡ፤ «ንግግርዎ ያጠረባቸው ሠራተኞች ሆድ ብሷቸዋል» ብለው ነገሯቸው። የሚቀጥለው ንግግር ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ንግግሩን የምጽፈው እኔ መሆኔን እንዳትረሱ።

ከሁሉም የበለጠው ግን የሥራ አፈጻጸም ቅጻቸው ነው። ቅጹ ላይ «የተገልጋይ አስተያየት» የሚል ሳጥን አለ። ሁላችንም ባዶውን ነው የምናስረክበው። እትዬ መዝገብ ግን በዚያ በተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፋቸው ሞልተውታል፦ «ፍጥነትዎ ለጉድ ነው፤ ከሕዝብ ግንኙነት። እርስዎ ባይኖሩ ይህ መሥሪያ ቤት ይዘጋ ነበር፤ ከሕዝብ ግንኙነት። ማህተም ሲመቱ እኮ ሙዚቃ ነው፤ ከሕዝብ ግንኙነት።» ዘጠኝ ዓመት የወረወርኩባቸውን ሁሉ እየለቀሙ እንደ ምስክር ወረቀት አስቀምጠውታል። ይህን ሳይ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ ላይ ወጥቼ ለሰው አወራሁት፤ ሰውም ሳቀ። ከዚያ ስቆ ሲያበቃ እየተጠራራ ምሳ ወጣ፤ እኔን የጠራኝ አልነበረም።

አንድ ክረምት ትኩሳት ጣለኝ። ሰኞ ከሥራ ቀረሁ፣ ማክሰኞም ቀረሁ። ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው እትዬ መዝገብ ከነዝናብ ልብሳቸው፣ በአንድ እጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በሌላው አድራሻዬ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ! ምነው በደህና?»

«ያኔ ‹እኔ ብሞት የምትሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው› ብለህ አልነበር?»

«ብዬ ይሆናል።»

«እንዲያ ካልክ ሦስተኛው ቀን ነገ ነው። ከዚያ በፊት ልይህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ገቡ። ሾርባውን አሞቁ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «ሰፊ ነው» አሉ። ሽሙጥ ቢሆን ኖሮ አንጀቴን ይቆርጠው ነበር፤ እሳቸው ግን ሰፊ መሆኑን ማለታቸው ብቻ ነው። እኔ መኖሪያቸውን አንድም ቀን ጠይቄያቸው እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ስጠይቃቸው እናታቸውን አሥራ አራት ዓመት አስታመው እንደቀበሩ፣ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ነገሩኝ። «ምሽቱ ነው የሚረዝመው» አሉ።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ገና ወንበሩ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አቧራው አፍንጫዬን እየዘጋኝ፣ በመስኮቷ የሰው ጫማ እያየሁ፣ «እትዬ፣ ምሳዬን ከእርስዎ ጋር ካልበላሁ አይወርድልኝም» ብያቸው ነበር። ንጹሕ ሽሙጥ ነበር። አባባሉ ስለጣመኝ በየጊዜው እደጋግመው ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን እሳቸው ለምርመራ ሐኪም ዘንድ ሄደው ብቻዬን ዳቦዬን ከፈትኩ። ቆረስኩ፣ አላመጥኩ፣ አልወረደም። የምሬን ነው የምላችሁ። ጠቅልዬ ወደ ላይ ይዤው ወጣሁ። ለማን ይነገራል? ለማንም አልነገርኩም፤ ለእሳቸውም ጭምር።

ባለፈው ዓመት አስተዳደሩ የተግባቦት ሥልጠና አዘጋጀ። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ገባ። አሠልጣኟ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የመጣች፣ ፈገግታ የማይጠፋባት ልጅ እግር ሴት ነች። ከሰዓት በኋላ ስለ አነጋገር ስታስተምር ሽሙጥና ምፀት ላይ ደረሰች።

«ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል» አለች። «ጃንጥላ ነጋዴው አንድም ጃንጥላ ሳያስተርፍ ሸጦ ዝናብ ሲደበድበው ቤቱ ቢገባ፣ ይህ ምፀት ነው። ማንም አላሾፈበትም፤ ነገሩ ራሱ ነው ከታሰበው ተገልብጦ የተገኘው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ‹ዛሬ መቼም ፀሐዩ አቃጠለህ› ብትለው ግን ሽሙጥ ነው። ሽሙጥ ተናጋሪ አለው፣ የሚወጋው ሰው አለው። ምፀት ላይ ግን ማንም ክፉ ሳያስብ ነገር ይገለበጣል፤ አንዳንዴ ሳቅ ነው፣ አንዳንዴም ያስለቅሳል።»

እትዬ መዝገብ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ቃል ይጽፋሉ። ጽፈው ሲጨርሱ እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ሰው፣ ፋይል ለማውጣት አርባ ደቂቃ የፈጀበትን ሰው ‹ፍጥነትዎ ለጉድ ነው› ቢለው ምንድን ነው?»

«ሽሙጥ ነዋ!» አለች አሠልጣኟ ደስ ብሏት። «በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው።»

ጻፉ። «‹እርስዎ ባይኖሩ ይህ መሥሪያ ቤት ይዘጋ ነበር› ቢልስ?»

«ሽሙጥ።»

«መስኮት የሌለው ሊባል የሚችል ምድር ቤት ገብቶ ‹ይህማ ቤተ መንግሥት ነው› ቢል?»

«ሽሙጥ።»

አዳራሹ መሳቅ ጀመረ። አምስተኛ ፎቆች አነጋገሩ የማን እንደሆነ ያውቁታልና አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«‹ማህተም ሲመቱ ሙዚቃ ነው›?»

«ሽሙጥ።»

«‹ዛሬማ በረሩ›?»

«እሱም ሽሙጥ።»

ስድስተኛውን ሲጠይቁ ድምፃቸው ወረደ። «‹እንደ እርስዎ ቶሎ የሚገባው ሰው አይቼ አላውቅም› ቢልስ?»

አሠልጣኟ ፈገግታዋን ቀነስ አደረገች። አንድ ነገር እየገባት መጣ መሰለኝ። «እሱም… አዎ፣ ሽሙጥ ይመስላል» አለች ቀስ ብላ። ሳቁ ቆመ።

እትዬ መዝገብ ስድስቱንም ከጻፉ በኋላ ደብተራቸውን ዘጉ። ከዚያ ብድግ አሉ። ለሌሎቹ ጥያቄዎች አልተነሱም ነበር።

«አንድ የቀረኝ አለ» አሉ። «‹ምሳዬን ከእርስዎ ጋር ካልበላሁ አይወርድልኝም› ቢልስ?»

አሠልጣኟ አሰበች። «ይሄ እንኳ ብቻውን ቢሆን ያከራክራል» አለች፣ «ግን ያው ሰው ነው ስድስቱንም ያለው?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያው…» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።

እትዬ መዝገብ ቶሎ አልተቀመጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አደረጉት፤ ደግሞ አውልቀው ጠረጉ። ያኔ መነሳት ነበረብኝ። «ሰባተኛው የምር ነው» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል። ሠላሳ ዓመት በቃላት እንጀራ የበላሁ ሰው ሦስት ቃል አጣሁ። ሰው በተሰበሰበበት የምር መናገር አላውቅበትም፤ ሰው በሌለበትም አላውቅበትም። እስክሪብቶዬን መሬት ጣልኩና ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ለአሠልጣኟ «እንዲያ ካልሽማ እንዲያ ነው» ብለው ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ አልጮኸም። ምሳ ዕቃዬን ይዤ ወረድኩ። ወንበሩ የለም። እትዬ መዝገብ ከጠረጴዛቸው ማዶ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ፈልገው ነው?» አሉኝ።

ፈልገው! ዘጠኝ ዓመት «አንተ ልጅ» ስባል የኖርኩት ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ በአንድ ሌሊት «እርስዎ» ሆንኩ። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ሹመት ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታውን እንዳለ ልውሰደው ወይስ ገልብጬ?»

«ኧረ እንዳለ!»

ፊቴን አተኩረው ሲያዩኝ ቆዩ። እንዲህ ተጨንቄ ሳለሁ ያ የተረገመ ከንፈሬ፣ ልማዱ ሆኖ፣ በግራ በኩል ከፍ አለ። የሥራ መሣሪያዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አሠልጥኜዋለሁ፤ እንዲወርድ ስለምነው አልሰማኝም። እሳቸውም አዩት። «አሁን ገብቶኛል፤ ፋይል ከፈለጉ በቅጽ ይጠይቁ» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

በሌላ ቀን ወርጄ «ናፍቀውኛል» አልኳቸው። «አሃ፣ ይሄ እንኳ ቀላል ነው፤ ሽሙጥ ነው» አሉኝ። አንድ ቀን ደግሞ «ያለ እርስዎ ምሳ ምሳ አልሆነልኝም» አልኩ። «ተመዝግቧል» አሉ፤ ምንም የመዘገቡት ነገር ግን አልነበረም። አያችሁ ነገሩ ሲገለበጥ? ስዋሽ ያመኑኝ ሴት እውነቱን ስነግራቸው አላመኑኝም። ሽሙጥ ምን እንደሆነ ያስተማረቻቸው አሠልጣኟ ነች፤ ለማስተማሪያ የሚሆነውን ግን በሙሉ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ይህ ምፀት ነው፤ የጃንጥላ ነጋዴው ነገር ደረሰብኝ።

ምሳዬን ጠረጴዛዬ ላይ መብላት ጀመርኩ። መብላት ካሉት ነው። በአራተኛው ሳምንት በእግረኛው መንገድ ሳልፍ ቆም አልኩና ጎንበስ ብዬ በዚያች መስኮት ወደ ውስጥ አየሁ። እትዬ መዝገብ ምሳ ዕቃቸውን አልከፈቱትም። እጃቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። ቀድሞ ሐዘኔ ስለ ራሴ ነበር፤ ያን ቀን ግን ስለ እሳቸው ሆድ ባሰኝ። ዘጠኝ ዓመት በሙሉ ምሳ ላይ አንድ ሰው ይወደኛል ብለው ኖረው፣ ሽሙጥ ነበር ተብለው እንደገና ብቻቸውን ቀሩ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ቢሮዬ ተመለስኩ። አፌን ባያምኑት እንኳ እሳቸው ወረቀት እንደሚያምኑ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ቁጭ ብዬ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ ያላበኝን ደብዳቤ ጻፍኩ።

«ለመዝገብ ቤት። ከሕዝብ ግንኙነት። ጉዳዩ፦ በስህተት የተመደበ ንግግር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በሥልጠናው ዕለት በተራ ቁጥር አንድ እስከ ስድስት የቀረቡት ንግግሮች ሽሙጥ መሆናቸውን አምናለሁ፤ ለእያንዳንዳቸውም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በተራ ቁጥር ሰባት የቀረበው ግን መጀመሪያ በሽሙጥ የተነገረ ቢሆንም ከጊዜ በኋላ እውነት ሆኖ ስለተገኘ ከስድስቱ ተለይቶ እንዲያዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከሰላምታ ጋር።» ፈረምኩ። በአማላጅ አልላክኩትም፣ በእጄም አልሰጠኋቸው፤ ከሌላው ደብዳቤ ጋር ገቢ ሳጥን ውስጥ ጨመርኩት።

መልሱ በአራተኛው ቀን፣ ታይፕ ተደርጎ፣ ማህተም ተመትቶበት መጣ። «የላኩት ደብዳቤ ደርሶናል። ሆኖም ደብዳቤው ራሱ ሽሙጥ መሆን አለመሆኑን ከጽሑፉ ለመለየት ስላልተቻለ፣ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።»

ስድስት ሰዓት ላይ ወረድኩ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እትዬ መዝገብ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ያስረዱ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ…» ስል ከንፈሬ ከፍ አለ።

«አፍዎ ተጣመመ።»

«በፈቃዴ አይደለም!»

ከዚያ በእስክሪብቷቸው መደርደሪያውን አመለከቱኝ። «ወደዚያ ይዙሩና ይናገሩ።»

ዞርኩ። ፊቴን ለፋይሎቹ ሰጠሁ። ከአፍንጫዬ ፊት ሠላሳ ዓመት ያለፈው የአንድ ሰው ቤት ፕላን ቆሟል። ማንም ሳያየኝ ከንፈሬ የፈለገውን ሆነ፤ እኔም ተናገርኩ።

«ከዚህ ክፍል በቀር የምሄድበት የለኝም» አልኩ። «ካፍቴሪያ ስቀመጥ ሰው ይነሳል። ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ የለም። ሚስቴ የሄደችው የምናገረውን ማመን ደክሟት ነው። እርስዎ ያመኑኝን ያህል አንድም ሰው አምኖኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ላይ እየወጣሁ ሳቅኩብዎ። ሐኪም ዘንድ የሄዱ ቀን ዳቦው አልወረደልኝም። አሁንም አይወርድልኝም። ይኸው ነው።»

የሆነ ሰው ጫማ በመስኮቷ አለፈ። እትዬ መዝገብ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ።

«አቤት እትዬ።»

«እዚያ አዳራሽ ስድስቱን የጠየቅኩት አሠልጣኟን ነው። እሱን እሷ ሳትነግረኝም ገብቶኝ ነበር። ሰባተኛውን ግን አንተን ነበር የጠየቅኩት። ለዚያ ነው የተነሳሁት። መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ ጠበቅኩህ፣ አንተ እስክሪብቶ ትፈልጋለህ።»

ዞርኩ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከንፈሬ የት እንደነበረ አላውቅም፤ እሳቸውም አላዩትም።

«ሽሙጥ አልነበረም» አልኳቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የመለስኩት።

እትዬ መዝገብ ደብዳቤዬን ወደ እሳቸው ሳብ አደረጉ፤ ቀኑን አዩ፤ ማህተሙን አንስተው ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉት። «በዚህ ፍጥነትህማ» አሉኝ፣ «መልስህን ሳልሰማ ጡረታ መውጣቴ ነበር።»

ፊታቸውን አየሁት። የምራቸው ይሁን እያሾፉብኝ ይሁን መለየት አቃተኝ። ጠየቅኳቸው፤ ምሳ ዕቃቸውን እየከፈቱ «ብላ፣ ቀዘቀዘ» አሉኝ።